ጭኮው ላይ ያረፈው አውራ ጣት

«በእኛ ጊዜ ልጅ አይጨነቅም ነበር» የሚል ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ድንቄም አይጨነቅም! ይጨነቅ ነበር እንጂ፤ ያልነበረው የሚያየው ሰው ነው። እኔ ነቀምቴ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። በጃንሆይ ዘመን፣ ያ በሽታ ወለጋ በገባበት ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ስለዚህ ይህን ወሬ ሌላ ቦታ ሄደው ያውሩት።

ከዚያ ዓመት የተረፈኝ ንቀት ነው። አባቴን እንቃለሁ። የሚሲዮኑን ሽማግሌ እንቃለሁ። አንድ ቆዳ ነጋዴ አጎት አለ፣ እሱንም እንቃለሁ። ሦስቱም አፈር ሆነዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር፤ ንቀቴ ግን እስከ ዛሬ ቁጭ ብሏል። አራተኛዋ የምንቃት ሰው እኔው ራሴ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «ራሷን ንጹሕ አድርጋ አወራች» እንዳልባል ነው።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ወላጆቹ ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ እሱ እዚያው ነቀምቴ ተወልዶ ኦሮምኛውን ከባላገሩ እኩል ያንበለብለዋል፤ ነገር ግን ደረቱን ሲነፋ «እኛ ሸዌዎች» ይል ነበር፣ ሸዋን አንድ ቀን እንኳ ሳያይ። በግቢያችን ጓሮ አንዲት ክፍል ነበረች፤ ከአርጆ ለትምህርት የመጣች ልጅ ተከራይታት ትኖራለች። ሁለታችንም ስምንተኛ ክፍል ነበርን፣ የዓመቱ መጨረሻ ላይ የሚኒስትሪ ፈተና የሚጠብቀን። በቤታችን ማንም በስሟ አይጠራትም፤ «የአርጆዋ ልጅ» ነበር የምትባለው። እሁድ እሁድ እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ እሷ ወደ ሚሲዮኑ ጸሎት ቤት ከመለያየታችን በቀር አንድ ቀን ተለያይተን አናውቅም። ረጅም ነበረች፤ ስትስቅ ደግሞ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። እናቴ «ይህ የሴት ሳቅ ነው ወይስ የበቅሎ?» ትላት ነበር፤ እሷ ይህን ሰምታ ይብስባታል።

እናቷ አርጆ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ብርቱ ሴት ነበረች። በየሁለት ሳምንቱ ለገበያ በሚመጡ ነጋዴዎች እጅ ሁለት ነገር ትልካለች፤ አንድ ቅል ጭኮና አንድ ደብዳቤ። መጻፍ አታውቅም። የሰፈሯ አንድ ተማሪ ልጅ እሷ በኦሮምኛ የምትለውን እየሰማ በአማርኛ ይጽፍላታል። ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች ስድብ ነበር። «አንቺ አህያ፣ ያለፈውን ቅል ለምን አልመለስሽም? ቅል ከሰማይ የሚወርድ መሰለሽ? ጸጉርሽን አልተሠራሽም አሉ፤ ወንድ ልጅ ወልጄ ኖሯል?» የአርጆዋ ልጅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ የእናቷን ድምፅ አስመስላ ታነብልኛለች። ሆዳችንን ይዘን እንንከባለላለን። «አዮ ስትሰድበኝ ደህና ናት ማለት ነው» ትለኝ ነበር። አዮ እናቷ ናት፤ እነሱ እናትን እንዲያ ይላሉ።

ጭኮውን የማያውቅ ካለ፣ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በነጠረ ቅቤ የታሸ ነው፤ ወራት ቢቀመጥ አይበላሽም። ነጋዴዎቹ ግን መንገድ ላይ እየቆረሱ ይቀምሳሉ። ስለዚህ እናትየዋ ቅሉን ከሞላች በኋላ ከላይ ቅቤ ታለሰልስበትና መሃሉ ላይ የቀኝ እጇን አውራ ጣት ትጫነዋለች። ቅቤው ሲረጋ ምልክቱ ይቀራል። ልጅ ሳለች ማጭድ ቆርጧት አውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ጎብጦ ነበር የዳነው፤ ምልክቱም የባቄላ ፍሬ ይመስላል። ምልክቱ ካለ ማንም አልነካውም ማለት ነው። የአርጆዋ ልጅ ክዳኑን ስትከፍት «ይኸው ማኅተሟ! ጃንሆይም የዚህን ያህል ማኅተም የላቸው» እያለች ለእኔ ታሳየኝ ነበር።

እንግዲህ በሽታው መጣ። ከየት እንደመጣ እንጃ። ስሙንም ማንም አይጠራውም፤ ስም ከጠሩት ሰምቶ የሚመጣ ይመስል «ያ በሽታ» ይባላል። ጠዋት ማስመለስና ተቅማጥ የጀመረው ሰው ማታ ይቀበራል። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ገበያ ተከለከለ፣ በአርጆና በጉቴ መንገድ ላይ ኬላ ቆመ፣ የመንገድ ቦዩ ሁሉ ኖራ ተደፋበት። ለቅሶ መቀመጥም ተከለከለ። ሦስት አራት ሰው በአንድ ደጅ ከቆመ ዘበኛ መጥቶ ይበትናል።

ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ቀን ሲቀረው ከጤና ጣቢያው አንድ ድሬሰር መጥቶ አስተማረን። «የክንዳችሁን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ልቀቁት። ቶሎ ካልተመለሰ ሰውነታችሁ ውስጥ ውኃ አልቋል፤ ሮጣችሁ ኑ» አለን። ይህን ለስምንተኛ ክፍል ሴቶች ተናግሮ ሄደ፤ መልካም አደረገ! ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ የምንሠራው ራሳችንን መቆንጠጥ ሆነ። ስንበላ እንቆነጥጣለን፣ ስናጠና እንቆነጥጣለን። እኔ ልቤ ሲመታ ሆዴ ይጮኻል፤ ሆዴ ሲጮኽ ልቤ ይብስበታል። ከፍርሃት ይሁን ከበሽታው ማን ይንገረኝ? ለእናቴ ብነግራት «ውኃ አፍልተሽ ጠጪ»፣ ለአባቴ ብነግረው «ጥናትሽን አጥኚ»። ክንዴ ጠቁሮ ያዩ ሁሉ «ምን ነክሶሽ ነው?» ብለው ያልፋሉ። አንድም ሰው ቁጭ አድርጎ «ምን ፈራሽ?» አላለኝም። እኔ ግን የምነግራት ሰው ነበረችኝ። መጽሐፎቼን ይዤ ወደ ጓሮ ክፍሏ ገባሁ፣ «አብረን እናጥና» ብዬ፣ እዚያው ማደር ጀመርኩ። እርስ በርስ ክንድ እየተያየን «ያንቺ ተመልሷል፣ የእኔስ?» እንባባላለን።

ኬላው ከመቆሙ በፊት በነበረው ሳምንት ከአርጆ የመጨረሻው ቅልና የመጨረሻው ስድብ ደረሱ። ያለፈውን ጭኮ ገና ስላልጨረሰች አዲሱን ከፍታ ማኅተሙን ብቻ አይታ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ባዶዎቹ ቅሎች ደግሞ የሚመልሳቸው ነጋዴ ጠፍቶ እናቴ ጓዳ ውስጥ ተደርድረው ቀሩ።

አንድ ጠዋት አጥሩ ላይ ልብስ ሳሰጣ አባቴ ከማዶ ከአንድ ሰው ጋር ሲነጋገር ሰማሁ። ያ የአርጆዋ ልጅ አጎት ነበር፣ የእናቷ ወንድም፣ እዚያው ነቀምቴ ቆዳ የሚነግድ። «እህቴን ከትናንት በስቲያ ጀመራት፤ ትናንት ቀበሯት። ቀባሪው አምስት ሰው አልሞላም» አለ፤ አለቀሰም። አባቴ «እግዜር ያጽናህ» አለው፣ ከዚያም ትንፋሽ ሳይወስድ «ልጅቱ እንዳትሰማ» አለ። እርጥቡ ቀሚስ ከእጄ ወደቀ። የምሰቅለው የእሷን ቀሚስ ነበር።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት ሳሎናችን ውስጥ ሦስቱ ጠቢባን ተቀመጡ፤ አባቴ፣ አጎትየውና የእሷ ጸሎት ቤት ሽማግሌ። እኔ ውኃ እያቀረብኩ ሁሉንም ሰማሁ። አባቴ «መርዶ ሥርዓት አለው» አለ። «በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ባለበት ይነገራል። ሁለት ሦስት ሰው ሄዶ እናትሽ ሞተች ይበላት? የሞተው ውሻ ነው እንዴ?» መሰብሰብ ደግሞ ተከልክሏል። ስለዚህ ክልከላው እስኪነሣ መርዶው ይቆይ! እንዲህ ያለ ነገር የኛ አገር ሽማግሌ ካልሆነ ማን ያስባል? የሰው እናት ሞታ፣ ለመንገር የሚበቃ ወንበር ስለሌለ ይቆይ።

የሚሲዮኑ ሽማግሌም አንገቱን እየነቀነቀ «ኀዘን ለበሽታው በር ይከፍታል። ደግሞም የልጅቱ ፈተና አለ፤ እናቷ የደከመችው ለዚያው ነው» አለ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በጾም ሲከራከሩ፣ በታቦት ሲከራከሩ፣ በአማላጅ ሲከራከሩ ስሰማ ነው ያደግኩት። አንዲትን ልጅ መዋሸት ላይ ሲደርሱ በአንድ ሰዓት ተስማሙ። አጎትየው «እናንተ እንዳላችሁ» አለ፤ ከዚያ በቀር ቃል አልወጣውም። አባቴ በተረት ዘጋው፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።» ኤዲያ! ተረቱ እውነትን ሸሽጉት መች አለ?

እናቴ ብቻ ጥያቄ ጠየቀች። ጥያቄዋም «ስንቁ ሲቀር ልጅቱ ጉድ አትልም ወይ?» የሚል ነበር። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የሰው ጽሕፈት አስመስዬ በመጻፍ የታወቅኩ ነበርኩ፤ በክፍል ውስጥ የመምህራንን ፊርማ እየሣልኩ አስቅ ነበር። «አንቺ የዚያን የአርጆ ጸሐፊ ልጅ ጽሕፈት ታስመስያለሽ?» አለኝ። «አዎ አባባ» አልኩ። «ሰማሽ፣ ይህ የትልቅ ሰው ነገር ነው፤ ሆድ ይፍጀው» አለኝ። እኔም ኮራሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ አባቴ እንደ ፍርድ ቤት ማመልከቻ አስጻፈኝ። «ለተወደድሽ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንኩም። ትምህርትሽን በርትተሽ አጥኚ።» ብዕሬን አነሣሁና «አባባ፣ ስድብስ?» አልኩት። ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ «የሞተች ሴት ትሳደባለች እንዴ!»

እናቴ ጭኮውን ራሷ አሸችው፤ ከጓዳው ባዶ ቅሎች አንዱን ሞላች። ክዳኑን ልትገጥም ስትል እኔ «ቆይ!» አልኳት። ማኅተሙ ትዝ አለኝ። ከላይ ቅቤ አለሰለስኩና አውራ ጣቴን ጎበጥ ለማድረግ እየሞከርኩ፣ ወደ ጎን ጠምዘዝ አድርጌ ተጫንኩት። ያንን ያዘዘኝ የለም። ከራሴ ያፈለቅኩት ብልሃት ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ «ይህች ልጅ ወንድ ብትሆን ዳኛ ትሆን ነበር» አለ፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

አጎትየው «በኬላው ዘበኛ በኩል ተላከልሽ» ብሎ ሰጣት። ደብዳቤውን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አነበበች። እጇን ወገቧ ላይ አላደረገችም። አንብባ ገለበጠችው፤ ከጀርባው የቀረ ነገር የምትፈልግ ትመስላለች።

«አልሰደበችኝም» አለች።

«ናፍቀሻት ይሆናል» አልኳት።

«እሷ? ስትናፍቅማ ይብስባታል።»

ቅሉን ከፈተች። አተኩራ አየችው። ከዚያ የራሷን አውራ ጣት ቀስ ብላ ምልክቱ ላይ አሳረፈች፣ ሳትጫን። አንሥታ ክዳኑን መለሰች። «አትበዪም?» ብላት «የጀመርኩትን ልጨርስ» አለችና ከሌላው አጠገብ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

ሁለተኛው ደብዳቤ፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ሁለተኛው ቅል፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ከተማው ደግሞ ወሬውን በአንድ ቀን ሰምቷል። ለእሷ እንዳይነገር የተባለውን ነገር ለእሷ ብቻ ነው ያልነገሩት። መሳሳም ስለተከለከለ ሴቶቹ በአጥር በኩል ቆመው ያለ ምክንያት «አይዞሽ የኔ ልጅ» ይሏታል። የሚሲዮኑ ሰዎች እንቁላል ይልኩላታል። መንገድ ላይ ስትታይ ጨዋታው ቀጥ ይላል፣ ካለፈች በኋላ ከንፈር ይመጠጣል። አንድ ቀን ገብታ በሩን ዘጋችና «ሰው ሲያየኝ ዝም የሚለው ለምንድን ነው? በሽታው አለብኝ እንዴ? ድሬሰሩ የነገራቸው ነገር አለ?» አለችኝ። ሁለቱም ክንዶቿ ከእጅ አንጓ እስከ ክርን በልዘዋል። በዚያ ላይ ሌላ ሰው የራሱን እናት ሲጠራ ስትሰማ ትደነግጥ ነበር። ሳቋ ጠፋ። እህል ተወች። ከሰዓት ከሰዓት ተነሥታ ኬላው የሚታይበት ጉብታ ላይ ትቀመጣለች፣ ፊቷን ወደ አርጆ አድርጋ።

ያኔ አዋቂዎቻችን ሐኪም ሆኑ። እናቴ «የሰው ዓይን ነው» ብላ ጤና አዳም አስሸተተቻት፣ እራፊ ጨርቅ አቃጥላ አጠነቻት። አባቴ «ፈተና የፈራ ሰነፍ እንዲህ ያደርገዋል» አለ። የሚሲዮኑ ሽማግሌ «የጸሎት ጉድለት ነው» ብሎ መጣና፣ በሽታው እንዳይዘው ፈርቶ ከደጃፉ ሳያልፍ፣ እጁን በሩቁ ዘርግቶ ጸለየላት። ድሬሰሩ መርፌ ወጋት። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ዓይኗን ጠቅሳ «ጎረምሳ ይዟት ነው» አለች። ሁሉም ያመማትን ያውቃሉ እኮ! መድኃኒቱ አፋቸው ውስጥ ነበር፤ እነሱ ግን ጤና አዳም ፍለጋ የሰው ጓሮ ይዞራሉ። ንቄ ንቄ አልጠግባቸውም።

እሷም ለእናቷ መልስ ትጽፋለች። ለአጎቷ ትሰጠዋለች፣ አጎቷ ለአባቴ፣ አባቴም ሳይከፍት መሳቢያው ውስጥ ይወረውረዋል። እኔ እየሰረቅኩ አነብ ነበር። በአንዱ ላይ እንዲህ ይላል። «አዮ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጸሐፊሽ ጽሕፈቱ ቆንጆ ነው፤ ግን ስድብሽን አይጽፍልኝም። ፈርቶ ይሆናል። አትፍራ በይልኝ። ያልሽውን ሁሉ ልክ እንዳልሽው ይጻፍልኝ፤ እችለዋለሁ በይልኝ።» አነበብኩና አጥፌ ወደ መሳቢያው መለስኩት። በማግሥቱ አራተኛውን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ «እኔ በጣም ደህና ነኝ» እያልኩ።

ከፈተናው በፊት በነበረው ሳምንት ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ ነው የጠየቀችኝ። ሌላ ሰው አልነበረም። አንሶላ ላይ ሳሙና እያሸሁ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «አንቺ የምታውቂው፣ እኔ የማላውቀው ነገር አለ?»

«ምን ይኖራል?» አልኩ፣ ቀና ሳልል። «ፈተናው አስጨንቆሽ ነው።» የአባቴ ቃል ነው ከአፌ የወጣው።

«እሺ» አለች። ከዚያ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ይዛ፣ እኔ ሌላውን ይዤ ጨመቅነው። ከዚያ ቀን በኋላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ለምን አልነገርኳትም? አባቴን ፈርቼ ነው እያልኩ ብዙ ዓመት ራሴን ደለልኩ። እውነቱ የባሰ ነው። ከትልልቆቹ ጋር መቆጠር ጣፍጦኝ ነበር። እኔ ስገባ «እሷ ታውቃለች፣ ቀጥሉ» ይባባላሉ። በዚያ በሽታ ዘመን የሁላችንም ልብ በፍርሃት ሲርድ፣ አንድ ምሥጢር የያዘች እኔ ነበርኩ፤ ምሥጢሩን ከያዝኩ ወዲህ እኔ ራሴን መቆንጠጥ ትቻለሁ። የእኔ ክንድ ሲነጣ የእሷ ጠቆረ። ይህን አይቼ ዝም አልኩ።

ፈተናው ደረሰ፤ ለዚያ ሲባል ብቻ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ከፊት ለፊቴ ነበር የተቀመጠችው። ስሟን ጻፈች፣ እርሳሷን አስቀመጠች፣ በመስኮቱ እያየች ደወሉን ጠበቀች። ለሁሉም የትምህርት ዓይነት እንዲሁ። ለፈተናዋ ተብሎ የእናቷ ሞት የተሸሸገባት ልጅ ባዶ ወረቀት መለሰች። አባቴ ሲሰማ «አላልኳችሁም? ሰነፍ ናት» አለ።

በዚያው ሰሞን በሽታው ቀነሰና ክልከላው ተነሣ። ኬላውም ተነሣ። አባቴ አገሩን ጠራ። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ግቢያችን ሞላ፤ ከጎረቤት አግዳሚ ተለቅሟል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከአጥሩ ውጭ ምልክት ይጠብቃሉ፣ ራሷን መሬት ላይ ስትጥል እንዲይዟት ሁለት ጉልበታም ሴቶች በሯ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ይህን ሁሉ ሲያዘጋጅ የአባቴ ፊት ይበራ ነበር ብል አልዋሽም። ሥርዓቱ ተሟላለት።

ጠሯት። ወጣች። ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ ነበር። አባቴ «ልጄ፣ ሰው ሆኖ የማይሞት የለም» ብሎ ጀመረና ረጅም ንግግር አደረገ። የሚሲዮኑ ሽማግሌ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዋቀዮ ሰጠ፣ ዋቀዮም ነሣ» አላት፣ እግዚአብሔርን በኦሮምኛ እየጠራ። ሴቶቹ እስኪጨርስ አልታገሡም፤ ከአጥሩ ውጭ እሪታው ቀለጠ። ሁለቱ ጉልበታሞች ክንዳቸውን ዘረጉ።

እሷ ግን ቆማለች። ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀችና «ደክማችኋል። እግዜር ይስጥልኝ» አለች። አንዷ አልቃሽ አፏን እንደከፈተች ቀረች። «ወይ ጉድ! ልቧ ድንጋይ ነው» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። አጎቷ «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ለእናትሽ ነው እኮ!» ብሎ ለመናት፤ አባቴም «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አላት፣ በእንግዶቹ ፊት ያሳፈረችው ይመስል።

ወደ ክፍሏ ተመለሰች። አምስት ቅሎች በሁለት ጉዞ አውጥታ አግዳሚው ላይ ደረደረች። ክዳኖቹን አንድ በአንድ አነሣች። አንዱም አልተበላም። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ እጄን ያዘች። አልጎተተችኝም፤ ልጅ መንገድ ሲያሻግሩ እንደሚይዙት ነው የያዘችኝ። አውራ ጣቴን የመጀመሪያው ቅል ምልክት ላይ አሳረፈች። ልክክ አለ። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ በአራተኛውም ልክክ አለ። አምስተኛው ላይ ስታደርሰኝ አልገባም፤ የባቄላ ፍሬ የመሰለው ጉድጓድ የእኔን ቀጥ ያለ ጣት አልተቀበለውም።

«ይሄ የአዮ ነው» አለች ለሰዉ።

ከዚያ እጄን ሳትለቅ፣ እኔ ብቻ እንድሰማት ቀስ ብላ «እኔ ያለቀስኩት የመጀመሪያው ቅል የመጣ ቀን ነው። አጠገቤ ተኝተሽ ነበር» አለችኝ። «የጠየቅኩሽም፣ የጻፍኩትም ለዚህ ነበር፤ ስትነግሪኝ አብረን እናለቅሳለን ብዬ። እስከ ወንዙ ቀን ድረስ ጠበቅኩሽ።»

አምስተኛውን ቅል በነጠላዋ ጠቅልላ አቀፈችው፤ አጎቷ ዕቃዋን በቅሎ ላይ ጫነላትና በዚያው ማለዳ ወደ አርጆ ሄዱ። ነቀምቴ ተመልሳ አልተማረችም። ሰዉ ለለቅሶ የተዘጋጀውን በልቶ፣ ስለ ልቧ ድንጋይነት እያማ ተበተነ።

ምሳ ሰዓት ላይ አራቱ ቅሎች እዚያው አግዳሚው ላይ ነበሩ። አባቴ አንዱን አንሥቶ አሸተተና «ምንም አልሆነም፤ የእህል ነውር የለውም፣ ይበላ» አለ። እናቴ ገበታው ላይ አቀረበችው። እኔም በላሁ። ከላይ አውራ ጣቴ ያረፈበትን ቅቤ በማንኪያ ጠርጌ በላሁ።